የኅዳር ጽዮን ዘቢብ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ይህን ጉዞ የመዘገብሁበት ደብተር የለኝም። ነበረኝ፤ ግን በዚያ ዘመን ብዙ ወረቀት ማቆየት በራሱ የሚያሠጋ ስለነበረ፣ አንድ ቀን ከሌላው ጋር ምድጃ ውስጥ ገባ። ስለዚህ የምጽፈው ከትዝታዬ እየቀዳሁ ነው፤ ትዝታዬ ደግሞ እንደ አሮጌ እንስራ ያንጠባጥባል። ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላውቀውም። ከቀይ ሽብር በኋላ፣ ከትልቁ ድርቅ በፊት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ላንድሮቨሩ አረንጓዴ ነበር እላለሁ፤ አብራኝ የሄደች ሴት ግን ግራጫ ነበር ትላለች። ሰዎቹ የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ ብዬም አልምልም።

ከሁሉ የምጠራጠረው አንድ ነገር አለ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ድረስ ርሶ አይቻለሁ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ በኅዳር ዝናብ የለም። ስለዚህ ያንን እርጥብ ሱሪ ኅሊናዬ ኋላ የፈጠረው ነው እያልሁ ብዙ ዘመን ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ።

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ፒያሳ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ተነሣን። ፒያሳ አልነቃችም። የወርቅ ቤቶቹ የብረት መዝጊያ እንደወረደ ነው፤ ኬክ ቤቶቹ ወንበሮቻቸውን ጠረጴዛ ላይ እንደገለበጡ ናቸው፤ ከአንዲት ጠባብ በር ብቻ ቢጫ መብራትና የፓስቲ ዘይት ሽታ ይወጣል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሰልፍ ጥሪ በጤዛ ርሶ ጠርዙ ተንጠልጥሏል።

ቡድናችን ሦስት ሰው ነበር። ሾፌሩ ጋሽ ሙላት ተወልዶ ያደገው አራዳ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ አፉ ከመኪናው ይፈጥናል። ሲስተር አጸደ ነርስ ናት፤ የዓመት ዕረፍቷን ለዚህ ጉዞ ያዋለች ዝምተኛ ሴት። እኔ ደግሞ ከስድስት ኪሎ በታሪክ ትምህርት ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ያልሞላኝ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰባኪና የቡድኑ መሪ ነበርሁ። የሰፈራችን ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ ወደ አንድ ችግረኛ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስጦታ የሚያደርስ፣ የሚያክምና የሚያስተምር ቡድን ይልክ ነበር። እኛ ተልእኮ እንለዋለን። ቀበሌው በሰጠን የይለፍ ደብዳቤ ላይ ግን «ለጤና አጠባበቅ ትምህርት» ተብሎ ነው የተጻፈው።

የጫንነው ሁለት ካርቶን መድኃኒት፣ አንድ ጥቅል ጧፍ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ አንድ የቅዳሴ ጃንጥላ፣ አንድ ማዳበሪያ የተለበሰ ልብስ ነው። እና ዘቢቡ።

የምንሄድባት የገጠር ማርያም መሬቷ ከተወሰደ ወዲህ ገቢ አልነበራትም። የቁርባኑ መገበሪያ ስንዴና ዘቢብ ነው። ስንዴውን አገሩ ያበቅላል፤ ዘቢቡን አያበቅልም። ያለ ዘቢብ ጽዋ የለም፤ ያለ ጽዋ ቁርባን የለም። በዚህ ምክንያት ከፋሲካ ጀምሮ ቅዳሴ ተቋርጦ ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ወልደ ሰንበት በላኩልን ደብዳቤ የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለኅዳር ጽዮን በዓል የሚደርስ ዘቢብ። ልብስ አላሉም። መድኃኒት አላሉም። ትምህርት ደግሞ ጨርሶ አላሉም።

ዘቢብ ያን ጊዜ በከተማውም የጠፋ ዕቃ ነው። ሲስተር አጸደ ብዙ ፈልጋ፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ካለ አንድ የመናዊ ነጋዴ ግማሽ ኪሎ አገኘች። ሰውየው ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ መዘነላት፤ ለምን እንደሆነ ሲሰማ አንድ እፍኝ ጨመረበት። «ይቺ የኔ ናት» አላት፤ «ለሲቲና መርየም፣ ለእመቤታችሁ።»

የደብራችን መነኩሲት እማሆይ ወለተ ሐና ከነጭ አቡጀዴ ትንሽ ከረጢት ሰፉለት። ዘቢቡን ጨምረው አፉን በመርፌ ጥቅጥቅ አድርገው ዘጉት። በዚያ ንጋት በሁለት እጃቸው ሲያስረክቡኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ይኼ አፍ የሚከፈተው ቤተልሔም ደጃፍ ነው፤ መገበሪያው የሚሰናዳበት። ሰው የቀመሰው ለመቅደስ አይገባም። ታውቅ የለ?»

«አውቃለሁ እማሆይ።»

«ማወቅስ ታውቃለህ» አሉና ፈገግ አሉ።

ጾመ ነቢያት ገና መግባቱ ነበር። ጋሽ ሙላት በጋዜጣ የተጠቀለለ ፓስቲ ይዞ መጣና አንዱን ዘረጋልኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ያዝ። መንገዱ ረጅም ነው።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አልሁ፤ ሊሸኙን የቆሙት የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ለሾፌርና ለነፍሰ ጡር ተፈቅዷል» አለ ጋሽ ሙላት ቦርጩን መታ እያደረገ፤ «እኔ ደግሞ ሁለቱም ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የጾመኛ ፊት ለብሼ ነበር።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ ኬላው

ከከተማው መውጫ ባለው ኬላ ገመዱ ተዘርግቶ ጠበቀን፤ ወረፋው እስከ ረፋድ አቆየን። ወታደሩ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ደብዳቤውን እያንዳንዱን ፊደል እየመዘነ አነበበው።

«ጤና አጠባበቅ» አለ። «ጃንጥላው ለጤና ምን ያደርጋል?»

«ለፀሐይ ነው ጓድ» አለ ጋሽ ሙላት።

«በወርቅ ዘርፍ?»

«ፀሐይዋም የዋዛ አይደለች።»

ወታደሩ ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ከዚያ ከጭኔ ላይ ከረጢቱን አነሣ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ዘቢብ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያ ነው አልሁት። ይህን ከማለት ሌላ ነገር ብል ይሻል ነበር ብዬ ወዲያው ፈራሁ። እሱ ግን ሳንጃውን መዝዞ ስፌቱ ላይ ካሳረፈ በኋላ ቆመ። አለቃው ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል። ወደዚያ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመገበሪያ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«የተሰፋውን አልነካም። እናቴ ትረግመኛለች። እለፉ።»

ከረጢቱን ጭኔ ላይ መለሰልኝ። ገመዱ ወደቀ። ብዙ ከሄድን በኋላ ጋሽ ሙላት፣ «ፋራ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የእናት ልጅ ኖሯል» አለ። ይህን ወታደር አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ

ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ደብረ ብርሃንን አለፍን። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል። ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ሰማዩ የተወለወለ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ኮረኮንቹ ከተገነጠልን በኋላ አንድ ጎማ ተነፈሰ፤ ለወጥነው። ብዙም ሳንርቅ ሁለተኛው ተነፈሰ። መለወጫ የለም። ጋሽ ሙላት ሁለቱን ጎማዎች እየተራገመ በሚያልፍ የጭነት መኪና ላይ ወርውሮ ሊያስጠግን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ። ሲስተር አጸደን ደግሞ አንዲት ሴት ከማዶ ጎጆ መጥታ የታመመ ልጅ አለኝ ብላ ወሰደቻት። እኔ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ብቻዬን ቀረሁ።

እዚህ ላይ ነው ትዝታዬን አጥብቄ የምመረምረው። ርቦኝ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከኋላ ወንበር ላይ የእማሆይ ወለተ ሐና ዳቦ በሶፍራ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር መሰለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷል፤ ያንን ጠብቆ ዳቦውን መብላት ይቻል ነበር። ስለዚህ ረሃብ አይደለም። ከአብዮቱ በፊት አባቴ አንዳንድ ቅዳሜ ከፒያሳ ኬክ ቤት ዘቢብ ያለበት ዳቦ ያመጣልኝ ነበር፤ ዘቢቡን እየለቀምሁ አስቀድሜ እበላና ዳቦውን ለእኅቴ እተውላታለሁ። ከረጢቱ ጭኔ ላይ ሲሞቅ ሽታው ወጣ። በቃ፣ ይኼው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ባገኝ እጽፈው ነበር።

እርሳስ የምቀርጽበት ምላጭ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከስፌቱ ሦስት አራት ጥልፍ ቆረጥሁ። መጀመሪያ ሦስት ፍሬ አወጣሁ፤ በሥላሴ ስም ይመስል። ከዚያ እፍኝ። ከዚያ አፉን ሰፋ አድርጌ ሌላ እፍኝ። መንገደኛ አይጾምም የሚል ቃል ከአንድ ቦታ አንብቤ ነበር፤ እያኘክሁ እሱን አስታወስሁ። የተማረ ሰው ለሆዱ ጥቅስ አያጣም። ልብ ስል ከረጢቱ ጎድሎ ጎኑ ሟሸሸ፤ ሲሶው፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ሄዷል። ደነገጥሁ። የተቆረጠውን ክር አፉ ላይ ጠምጥሜ አጥብቄ አሰርሁት። የመርፌው ቀዳዳዎች ግን ባዶአቸውን በመስመር ቀሩ።

ሐሙስ፣ ምሽት፣ ማርያም

ሲመሽ ደረስን። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ቆሞ ሲጠብቀን ውሎ ኖሮ እልልታውን ገደሉ አስተጋባው። መምሬ ወልደ ሰንበት ቀጭን፣ ረጅም፣ በረባሶ የተጫሙ ሽማግሌ ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ። እንኳን በደኅና መጣችሁ ልጆቼ።»

ሌላውን ዕቃ አላዩትም። ከረጢቱን ነጠላቸውን ዘርግተው በላዩ ተቀበሉኝ፤ ሕፃን እንደሚቀበሉ። አውራ ጣታቸው በስፌቱ መስመር ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ቀዳዳዎቹ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ተሰፍቶ ነበር?»

«አዎ አባ። ኬላ ላይ… ወታደሮቹ ፈቱት።»

«ቀመሱት?»

ሲስተር አጸደ መድኃኒቷን ታወርዳለች፤ ጋሽ ሙላት መኪናው ሥር ገብቷል። የሚሰማኝ አልነበረም። እውነቱን መናገር የምችልባት ደቂቃ ያቺ ነበረች፤ እሳቸውም ጊዜ ሰጡኝ፤ አልተቸኮሉም።

«የለም» አልሁ። «አይተው መለሱት።»

«እነሱም የሰው ልጆች ናቸው» አሉ መምሬ። ከረጢቱን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቅጥሩ ገቡ።

ዓርብ

ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። የተልእኮ ቀን እንዲህ ይውላል፦ ጠዋት ጸሎት፤ ከዚያ ሲስተር አጸደ በአንድ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዓይን ታጥባለች፣ ቁስል ታሽጋለች፣ ሕፃናትን ታያለች፤ እኔ ከጥዱ ሥር አስተምራለሁ፤ ጋሽ ሙላት ቆሎ እየቆረጠመ ለወጣቶች ስለ ፒያሳ ሲኒማ ያወራል። ከእኔ ይልቅ የእሱ ጉባኤ ይደምቃል።

መምሬ አልነበሩም። የት ሄዱ ብዬ ጠየቅሁ።

«ጎሕ ሳይቀድ ነው የወጡት» አሉኝ ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት። «ቆላው ሚካኤል ዘንድ ጉዳይ አለኝ ብለው ወርደዋል።»

እንግዳ ትቶ መሄዳቸው ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ያስተማርሁት ስለ ቅዱስ ቁርባን መዘጋጀት ነበር፤ ርእሱን አዲስ አበባ ሳለሁ መርጬ በሦስት ክፍል አሰናድቼዋለሁ። ስጨርስ አሮጊቷ እጃቸውን አነሡ። ስማቸው ወይዘሮ በላይነሽ ነው።

«የኔ ልጅ፣ አንተስ ቆርበሃል?»

«ገና ነኝ እማማ።»

«ታዲያ መንገዱን ሳትሄደው ነው የምትመራን?»

ሰዉ ሁሉ ሣቀ። እሳቸውም ሣቁና፣ «ይሁን፣ ይሁን፤ የሄደም ያወራል፣ ያልሄደም ያወራል» ብለው እጄን ይዘው እኔንና ሲስተር አጸደን ወደ ቤታቸው ወሰዱን፤ ባለቤቴን እዩልኝ ብለው።

አቶ ደምሴ መደብ ላይ ተኝተው ነበር። ሆዳቸው አብጧል፤ እግራቸው ግን እንደ ዱላ ቀጥኗል። ሁለቱ በልጅነታቸው ተጋብተው ያረጁ ናቸው። ትዳራቸውን በቁርባን ሊያጸኑ ንስሐ ገብተው፣ ቀኖናቸውን ፈጽመው፣ ከፋሲካ ጀምሮ ዘቢብ ሲጠብቁ ቆይተዋል።

«ዘቢቡ መጣ አሉኝ» አሉ አቶ ደምሴ። «አንተ ነህ ያመጣኸው?»

«አዎ አባባ።»

«እጅህን ስጠኝ።»

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳይገባኝ ሰጠኋቸው። ሳሙት። ታላቅ የታናሽን እጅ ሲስም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የሳሙት ከረጢቱን የከፈተውን ቀኝ እጄን ነው። «ከእሷ ጋራ ሳልቆርብ እሄዳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉኝ።

ከቤቱ ስንወጣ ሲስተር አጸደ በቀስታ፣ «እኚህ ሰው ገናን አያዩም፤ ምናልባት ወሩንም» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ፣ «ምነው ሰሎሞን?» አለች። ደክሞኝ ነው አልኋት።

መምሬ የተመለሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከቅጥሩ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ አየሁ። ወይም ያየሁ መሰለኝ። «አባ፣ የት ዋሉ?» አልኋቸው። «ጉዳይ ነበረኝ ልጄ» አሉ። «ትምህርቱ እንዴት ነበር?» መልካም ነበር አልሁ።

እሑድ፣ ኅዳር ጽዮን

በዓሉ በዚያ ዓመት እሑድ ዋለ፤ ቢያንስ እንደዚያ ነው የማስታውሰው። ደወሉ ከወራት በኋላ ለቅዳሴ ሲደወል ሴቶቹ መንገድ ላይ ቆመው አለቀሱ። አቶ ደምሴን አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ አመጧቸው፤ ወይዘሮ በላይነሽ የታጠበ ነጠላ ለብሰው ከጎን ከጎን ይሄዳሉ።

እኔ ከወንዶቹ መካከል ቆምሁ። የቅዳሴውን ዜማ አልሰማሁትም። የምሰማው የእማሆይን ቃል ነው፤ ሰው የቀመሰው ለመቅደስ አይገባም። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ጽዋ በእኔ ጣት ከተፈታው ከረጢት የመጣ ነው ብዬ አምን ነበር። ገና አልረፈደም። ወደ ዲያቆኑ ሄዶ አንድ ቃል መናገር ይበቃል። ነገር ግን ያንን ቃል ብናገር ቅዳሴው ይቆማል፤ ቅዳሴው ቢቆም በቃሬዛው ላይ ያሉት ሰው ሌላ ቅዳሴ አይደርሱም። ዝም ብል ደግሞ ሁለት ሽማግሎች ሕይወታቸውን ሙሉ የተዘጋጁበትን ነገር የእኔ ቅሪት አደርገዋለሁ።

ዝም አልሁ። ስለ እነሱ አስቤ ዝም አልሁ ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ሐሳቤም በሚገባ የተደራጀ ነበር። እውነቱ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማፈርን መፍራቴ ነው።

መጋረጃው ተከፈተ። አቶ ደምሴን አቅፈው አቀረቧቸው። መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ ወይዘሮ በላይነሽ ተቀበሉ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲመለሱ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ደምሴ ዓይናቸው በራ። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሰኞ፣ መልስ

ከቀትር በኋላ መምሬ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙን። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ «ይፍቱኝ አባ» አልሁ። ማንም ቄስን የሚያገኝ ሰው የሚለው ቃል ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ቃሉን እንደ ለማኝ ነው ያልሁት።

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» አሉ። በጨርቅ የተቋጠረ ስንቅ በእጄ አስያዙኝ። «መንገድ ላይ እንዳይርባችሁ።»

ጎማ የተነፈሰበት ቦታ ስንደርስ ጋሽ ሙላት መኪናውን አቆመ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። «እስቲ የመምሬን ስንቅ እንየው» ብሎ ፈታው። የገብስ ቆሎ ነበር። በቆሎው መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር ጥቁር ፍሬ አለ።

«ዘቢብ!» አለ ጋሽ ሙላት እየሣቀ። «ዘቢብ በቆሎ! ድኾች ናቸው ያላችሁኝ እነዚህን ነው? ፒያሳም እንዲህ ያለ የለ!»

ሲስተር አጸደ አልሣቀችም። ቆሎውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። እኔም ከከረጢቱ ዘቢብ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ መቅደስ እንዳልገባች ያኔ ገባኝ። እና ጽዋው ከየት መጣ? እርጥቡ ሱሪ ወዲያው ትዝ አለኝ። ጋሽ ሙላት እፍኝ ሞልቶ ዘረጋልኝ።

«ብላ እንጂ ፕሮፌሰር፤ ሰዓቱ ደርሷል።»

እምቢ ብል ምክንያት መስጠት አለብኝ። በላሁ።

ሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ፒያሳ

መብራቱ ሲበራ ገባን። ኬክ ቤቶቹ ሞልተዋል፤ ታክሲዎቹ ይጮኻሉ፤ የወርቅ ቤቶቹ መስተዋት ያብረቀርቃል። እማሆይ ወለተ ሐና ከደብሩ ደጃፍ ይጠብቁን ነበር።

«አፉ ቤተልሔም ደጃፍ ተከፈተ?»

«ተከፈተ እማሆይ።»

በሚቀጥለው እሑድ ለጉባኤው ሪፖርት አቀረብሁ። «መገበሪያውን በሙሉ አስረክበናል፤ ቅዳሴውም ተቀድሷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ሁለተኛው ሐረግ እውነት ነው። እልል ተባለልኝ። ከገና በፊት ከመምሬ አጭር ደብዳቤ መጣ፤ አቶ ደምሴ ማረፋቸውን፣ ቆርበው ማረፋቸውንም ይነግራል፤ ሦስታችንንም በየስማችን ያመሰግናል። ስለ ከረጢቱ ምንም አይልም። ለመልስ ሦስት ጊዜ ተቀመጥሁ፤ አልጻፍሁም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኅዳር

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ፣ ጠጉሬ መሸበት ሲጀምር፣ በአውቶቡስ ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድሁት። መምሬ ወልደ ሰንበት ካረፉ ቆይተዋል፤ ወይዘሮ በላይነሽም እንዲሁ። መቃብራቸውን ተሳልሜ ወደ ቆላው ሚካኤል መንገድ ጠየቅሁ።

ነገሩን ያስታወሱት የሚካኤሉ ገበዝ ብቻ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁ ዓይናቸው የፈዘዘ አዛውንት። ማን እንደሆንሁ አልነገርኋቸውም። ስለ አንድ የድሮ ኅዳር ጽዮን ታሪክ እያሰባሰብሁ ነው አልኋቸው፤ እስከዚያም ድረስ ዋሸሁ።

«አዎን» አሉ። «መምሬ መጥተው እፍኝ ዘቢብ ለምነው ወስደዋል። እኛም ያለን እፍኝ ተኩል ነበር። ‹ከአዲስ አበባ መጥቶልኝ ነበር፤ ያመጣው ልጅ መንገድ ላይ ርቦት ቀመሰው› አሉን።»

«ልጁ መሆኑን በምን አወቁ?»

«እኛም ጠይቀናቸዋል። ‹ልጁ ወታደር ፈታው ይላል፤ ወታደር የፈታውን መቼ መልሶ ያስራል?› አሉ።» ገበዙ ሣቁ። ከዚያ ሣቃቸውን ገታ አድርገው፣ «‹ለማንም አትንገሩብኝ፤ ልጁ ያፍራል› ብለውናል። አሁን ግን ልጁም አርጅቷል መቼስ» አሉ፤ በማያይ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረው።

ከማርያም እስከ ሚካኤል ያለውን መንገድ፣ መምሬ በሄዱበት ሰዓት ተነሥቼ፣ በእግሬ ነው የሄድሁት። ጎሕ ሳይቀድ ወጣሁ፤ ገደሉን ወረድሁ፤ ማዶውን ወጣሁ፤ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እኔ ያኔ ከእሳቸው ዕድሜ በብዙ አንስ ነበር።

ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ። ድልድይ የለውም። ውኃው በኅዳርም አይደርቅም፤ ገብቼበታለሁ፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል።